አስረካቢና ተረካቢ፦ በኢሜይል ሰርቨር ውስጥ የሚኖር ዳታቤዝ ስሪቱ ሲለወጥ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ሲታይ ጠባብ ነው። የኢሜይል ሰርቨር በሆዱ ይዞት የሚኖረውን የዳታቤዝ ላይብረሪ ከአሮጌ ስሪት ወደ አዲስ ስሪት ስለ ማሳደግ ነው የምናገረው። ርእሱን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። ተማሪ በክፍል ውስጥ ለየብቻ የሚማራቸው ነገሮች፣ ማለትም የዳታቤዝ ማገገሚያ፣ የላይብረሪ ትስስርና የሶፍትዌር ፈቃድ፣ እዚህ በአንድ ሌሊት ሥራ ላይ ይገናኛሉ። ሥራው ሲበላሽ ደግሞ የሚጠፋው የሰው ደብዳቤ ነው።

በቅድሚያ ኢምቤድድ ስለሚባለው የዳታቤዝ ዓይነት ጥቂት ልበል። እንደ ፖስትግሬስ ያለ ዳታቤዝ ራሱን የቻለ ሰርቨር ነው፤ ደንበኛው ፕሮግራም ጥያቄውን ይልካል፣ መልሱን ይቀበላል፣ ፋይሉን ግን በእጁ አይነካም። ኢምቤድድ ዳታቤዝ እንዲህ ያለ አስተዳዳሪ የለውም። ላይብረሪ ብቻ ነው። የሚሠራው በተጠቃሚው ፕሮግራም ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ሲሆን፣ ፋይሎቹን የሚከፍተውም የሚጽፈውም ያው ፕሮግራም ነው። የኢሜይል ሰርቨር ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ ሂደቶችን ያሰማራል፤ አንዱ መልእክት ይቀበላል፣ ሌላው ለተጠቃሚ ያስነብባል፣ ሌላው ያጸዳል። ሁሉም ያንኑ ፋይል ይነካሉ። ሳይጋጩ የሚሠሩት ሁሉም አንድ ዓይነት ስምምነት ስለሚያከብሩ ነው፤ ስምምነቱም የተጻፈው በላይብረሪው ኮድ ውስጥ ነው። ላይብረሪውን የለወጠ ሰው ስምምነቱን ለወጠ ማለት ነው።

ለምሳሌነት የምወስደው በርክሊ ዲቢን ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። መነሻው በበርክሊ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በ1991 ማርጎ ሴልትዘርና ኦዛን ይጊት ለዩኒክስ አዲስ የሃሽ ጥቅል በጽሑፍ አቀረቡ። ከዚያ ሥራ ያደገው ስሪት 1.85 በቢኤስዲ ቤተሰብ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አገልግሏል፤ ትራንዛክሽን ግን አያውቅም ነበር። በ1996 ሴልትዘርና ኪት ቦስቲክ ስሊፒካት ሶፍትዌር የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ፤ ከስሪት 2.0 ጀምሮም ትራንዛክሽንና ከብልሽት በኋላ ማገገም ተጨመሩበት። በ2006 ኦራክል ኩባንያውን ገዛው። በነዚህ ዓመታት ውስጥ ሴንድሜይልም፣ ፖስትፊክስም፣ ኤግዚምም፣ ሳይረስም በየራሳቸው መንገድ ተጠቅመውበታል። በኢሜይል ዓለም ውስጥ እንደዚህ ላይብረሪ በዝምታ የተስፋፋ ነገር ብዙ የለም።

በኢሜይል ሰርቨር ውስጥ ይህ ዳታቤዝ የሚይዘው ምንድን ነው? ብዙ ተማሪ «ደብዳቤዎቹን» ብሎ ይመልስልኛል። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራውን ሳይረስ የተባለውን የአይማፕ ሰርቨር እንመልከት። ሳይረስ እያንዳንዱን መልእክት በዲስክ ላይ ለብቻው እንደ አንድ ፋይል ያስቀምጣል። ዳታቤዙ የሚይዘው ስለ ሣጥኖቹ ያለውን ዕውቀት ነው፤ የትኞቹ የመልእክት ሣጥኖች እንዳሉ፣ በየትኛው የዲስክ ክፍል እንደሚገኙ፣ ማን እንዲያነባቸው እንደተፈቀደለት። ይህ ዝርዝር ከጠፋ መልእክቶቹ በዲስኩ ላይ እንዳሉ ሆነው ባለቤት አልባ ይሆናሉ። ተጠቃሚው ሣጥኑን ሲጠይቅ እንደዚህ ያለ ሣጥን የለም ይባላል።

ከዚሁ ዝርዝር ጎን ለጎን ዋጋቸው ያነሰ ሌሎች ዳታቤዞች አሉ። አንዱ የደረሰ መልእክት ሁለተኛ እንዳይገባ የመልእክቶችን መለያ ያስታውሳል፤ ሌላው የተመሰጠሩ ግንኙነቶችን ክፍለ ጊዜ ይይዛል። ሁለተኛው ቢጠፋ ደንበኛው ከሰርቨሩ ጋር የምስጢር ውሉን እንደገና ይዋዋላል፣ ሌላ ጉዳት የለውም። የመጀመሪያው ቢጠፋ አንዳንድ መልእክት ሁለት ጊዜ ሊደርስ፣ «በዕረፍት ላይ ነኝ» የሚለው ቀጥታ መልስም ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሊላክ ይችላል። ያሳፍር ይሆናል፣ ግን አይጎዳም። በፖስትፊክስ ዘንድ ጉዳዩ ከዚህም ይቀላል፤ የአድራሻ ሰንጠረዦቹ ምንጭ በሰው እጅ የተጻፈ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ፣ የዳታቤዙን ፋይል አጥፍቶ ፖስትማፕ በተባለው መሣሪያ እንደገና ማመንጨት ይቻላል። የስሪት ለውጥ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ልየታ ነው ብዬ አምናለሁ። ሊመነጭ የሚችለውን ለማዳን ሌሊቱን ሲታገሉ አድረው የማይመነጨውን የረሱ ሰዎች ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንግባ። በርክሊ ዲቢ በትራንዛክሽን ሲሠራ ማንኛውም ለውጥ አስቀድሞ በሎግ ፋይል ውስጥ ይመዘገባል። የዳታቤዙ ገጽ የሚለወጠው በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ባለ የጋራ ካሽ ላይ ሲሆን፣ ወደ ዲስኩ የሚወርደው ኋላ በተመቸ ጊዜ ነው። ፍጥነቱ የሚገኘው ከዚህ ነው። ውጤቱ ግን በሥራ ላይ ያለ ዳታቤዝ ፋይል ብቻውን ቢታይ ያልተሟላ መሆኑ ነው። እውነቱ በሦስት ቦታ ተበትኗል፤ በዳታቤዙ ፋይል፣ በሎጉና ካሹንና የቁልፎቹን ሁኔታ በሚይዙት በቁጥር 001፣ 002 እያሉ በሚሰየሙት የአካባቢ ፋይሎች ውስጥ።

ሦስቱ ከስሪት ስሪት የሚለዋወጡበት ፍጥነት የተለያየ ነው። የዳታቤዙ ፋይል ቅርጽ እምብዛም አይለወጥም። የሎጉ ቅርጽ ከዚያ በበለጠ ይለወጣል። የአካባቢ ፋይሎቹ ደግሞ የላይብረሪው የውስጥ መዋቅር ቀጥተኛ ግልባጭ ናቸውና፣ ከ4.2 ወደ 4.3 የመሰለ ትንሽ እርምጃ እንኳ ያፈርሳቸዋል። ላይብረሪው ይህን ስለሚያውቅ ሲነሣ ቁጥሮቹን ያመሳክራል፤ ካልተገጣጠሙም የፕሮግራሙ ስሪት 4.3 ከአካባቢው ስሪት 4.2 ጋር አይስማማም ብሎ ሥራውን ያቆማል። ይህን መልእክት አይተው የተበሳጩ አስተዳዳሪዎች ብዙ ናቸው። እኔ ግን ከላይብረሪው መልካም ጠባዮች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ሳይመረምር ገብቶ ቢጽፍ ኖሮ ጉዳቱ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ነበር።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው ርክክብ ምን እንደሆነ ያውቃል። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሲለወጥ ተተኪው ቁልፍ ብቻ ተቀብሎ አይገባም። በሞዴል 19 የገባውና በሞዴል 22 የወጣው ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል፣ በእጅ ያለው ይቆጠራል፣ በነባሩ ኃላፊ ማስታወሻ ላይ ብቻ የቀረ ነገር ካለ ወደ ዋናው መዝገብ ይገለበጣል። ይህን የሚያደርገው ነባሩ ሰው ነው፤ የራሱን ማስታወሻ ማንበብ የሚችለው እርሱ ነውና። በርክሊ ዲቢን ማሳደግም ከዚህ አይለይም። ሎጉ የአሮጌው ላይብረሪ ማስታወሻ ነው። አዲሱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አሮጌው ማስታወሻውን ወደ ዋናው መዝገብ መገልበጥ አለበት።

በተግባር ሥርዓቱ እንዲህ ይሄዳል። የኢሜይል ሰርቨሩ ሙሉ በሙሉ ይቆማል፤ አንድ ሂደት እንኳ ፋይሎቹን ይዞ መቅረት የለበትም። ከዚያም በአሮጌው ስሪት መሣሪያ፣ ዲቢ ሪከቨር በሚባለው፣ ማገገሚያ ይካሄዳል። ሎጉ ይነበባል፣ የተፈጸመው ሁሉ ወደ ዳታቤዙ ፋይል ይወርዳል፣ ያልተፈጸመው ይሰረዛል። ቀጥሎ የአካባቢ ፋይሎቹ ይወገዳሉ፤ አዲሱ ላይብረሪ የራሱን ይሠራልና። የመጠባበቂያ ግልባጭ የሚወሰደው በዚህ ነጥብ ላይ ነው፤ ዳታቤዙ በራሱ ሙሉ ሆኖ የቆመበት ቅጽበት ይህ ነው። አዲሱ ላይብረሪ የሚጫነው፣ ሰርቨሩም ከእርሱ ጋር እንዲተሳሰር ዳግመኛ የሚጠናቀረው ከዚህ በኋላ ነው። የሎጉ ቅርጽ በተለወጠበት እርምጃ ላይ ከሆንን፣ ሰርቨሩ ከመነሣቱ በፊት በአዲሱ ስሪት መሣሪያ አንድ ቼክፖይንት በግድ ይደረጋል። እዚህ ላይ አሮጌውን መሣሪያ መጠቀም እንደማይገባ ሁሉ፣ በማገገሚያው ላይም አዲሱን መጠቀም አይገባም።

ሁለት መስመር የማይሞላ ሥርዓት ይመስላል። ነገር ግን ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ በጠቅላላ ሲታደስ የጥቅል አስተዳዳሪው አሮጌውን ላይብረሪና መሣሪያዎቹን አንሥቶ አዲሶቹን ሊያስገባ ይችላል። አስተዳዳሪው ጠዋት ሲመጣ አስረካቢው ግቢውን ለቆ ሄዷል፤ ማስታወሻው ጠረጴዛ ላይ አለ፣ የሚያነበው የለም። ዴቢያን የየስሪቱን መሣሪያዎች በየራሳቸው ጥቅል ለይቶ ያቀርብ የነበረው ጥቅም ያለው ለዚህ ነው።

አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ስሙን በማልጠራው ተቋም የኢሜይል ሰርቨሩ በኃይል መቋረጥ ድንገት ቆመ፤ ማሽኑም ዳግመኛ አልነሣ አለ። ባለሙያዎቹ ዲስኩን አውጥተው ይዘቱን አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ወደ ተጫነበት ማሽን ገለበጡ። አዲሱ ላይብረሪ የስሪት አለመስማማቱን ተናግሮ አልነሣ ሲል የአካባቢ ፋይሎቹን ሰረዙ፤ እስከዚህ ጉዳት የለም። አሁንም አልነሣ ሲል ሎጎቹንም ሰረዙ፤ ሰርቨሩ ተነሣ። ደስታው ግማሽ ቀን አልቆየም። ከመቋረጡ በፊት በነበሩት ቀናት የተከፈቱ ሣጥኖች በዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም፤ ከባለቤቶቹም መካከል የሥራ ማመልከቻቸውን መልስ የሚጠብቁ ነበሩ። እኔ የተጠራሁት በዚህ ሰዓት ነው። እንደ ዕድል ሆኖ የመጀመሪያው ዲስክ አልተነካም ነበር። በምናባዊ ማሽን ላይ የድሮውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከነላይብረሪው ተከልን፣ የዲስኩን ግልባጭ በነበረበት የፋይል አድራሻ አስቀመጥን፣ በአሮጌው መሣሪያ ማገገሚያ አደረግን። ጠፉ የተባሉት ሣጥኖች ወጡ። ሁሉም በሎጉ ውስጥ ነበሩ።

የሎግ ፋይል መሰረዝ ሌላም የሚዘገይ መዘዝ አለው። እያንዳንዱ የዳታቤዝ ገጽ በራስጌው ላይ እርሱን ለመጨረሻ ጊዜ የለወጠውን የሎግ መዝገብ ተራ ቁጥር ይይዛል፤ ቁጥሩ የሎጉን ፋይልና በውስጡ ያለውን ቦታ ያመለክታል። ሎጎቹ ተሰርዘው ቆጠራው እንደገና ከ1 ሲጀምር ገጾቹ ገና ያልተጻፈ የወደፊት ሎግ የሚጠቅሱ ሆነው ይገኛሉ። ላይብረሪው እንዲህ ያለውን ገጽ ወደ ዲስክ ለማውረድ ሲሞክር ቁጥሩ ከሎጉ ፍጻሜ ያለፈ ነው ብሎ ይቆማል። መፍትሔው የየገጹን ቁጥር ዜሮ ማድረግ ነው፤ ለዚህም ዲቢ ሎድ በተባለው መሣሪያ ላይ የተለየ አማራጭ አለ። ዳታቤዝ ከአንድ አካባቢ ወደ ሌላ በተራ ግልበጣ ሲዛወርም ይኸው ችግር ይከሰታል።

የዳታቤዙ ፋይል ቅርጽ ራሱ የተለወጠ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። ዲቢ አፕግሬድ የተባለው መሣሪያ ፋይሉን በቦታው እያለ ይለውጠዋል። ፈጣን ነው፤ ግን መመለሻ የለውም፣ በመካከል ኃይል ቢቋረጥም ፋይሉ አሮጌም አዲስም ሳይሆን ሊቀር ይችላል። በእጃችሁ ያለው ፋይል ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ መጀመሪያ መለያ ቁጥሩን ተመልከቱ፤ በአሥራ ስድስት መሠረት 053162 የቢ-ትሪ፣ 061561 የሃሽ ምልክት ነው። ቁጥሩ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ካለ የ1.85 ዘመን ቅሪት ነው፤ 12 ባይት ገባ ብሎ ካለ የኋለኛው ቤተሰብ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በአሮጌው ዲቢ ደምፕ ወደ ጽሑፍ አውጥቶ በአዲሱ ዲቢ ሎድ መልሶ ማስገባት ነው። የሚወጣው ጽሑፍ ጥቂት የራስጌ መስመሮች ያሉት ሲሆን፣ ከዚያ በታች አንድ መስመር ቁልፍ፣ አንድ መስመር እሴት እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። ይህን መንገድ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ጽሑፉ ከየትኛውም ስሪት ውል ነፃ ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለበት። ቢ-ትሪ ቁልፎቹን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ ፕሮግራሙ ለቅደም ተከተሉ የራሱን የማነጻጸሪያ ደንብ ለላይብረሪው ሰጥቶ ከሆነ፣ አጠቃላዩ ዲቢ ሎድ ያንን ደንብ አያውቅምና በተራ የባይት ቅደም ተከተል ይጭነዋል። ሰርቨሩ በኋላ ሲፈልግ ያለውን ቁልፍ የለም ይላል። የመልእክት ሣጥን ስም በነጥብ ወይም በመስመር የሚከፋፈል ተዋረድ ስለሆነ ፕሮግራም ጸሐፊዎች የራሳቸውን ደንብ ለማስገባት የሚገፋፉበት ዓይነት ነገር ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ የራሱ ማውጫ መሣሪያ ካለው እርሱ ይቀድማል። በሳይረስ የሣጥኖቹን ዝርዝር ወደ ጽሑፍ የሚያወጣ ትእዛዝ አለ፤ ውጤቱ ስለ በርክሊ ዲቢ አንዳች አያውቅም፣ የሣጥን ስም፣ የዲስክ ክፍልና የፈቃድ ዝርዝር ብቻ ነው። ይህን ትእዛዝ በየሌሊቱ እንዲሠራ ማድረግ ከማውቃቸው ርካሽ ዋስትናዎች አንዱ ነው።

ሁሉም ነገር በትክክል ተከናውኖ ሰርቨሩ ሲነሣ የሚወድቅበት ሁኔታም ያጋጥማል። ሳይረስ የይለፍ ቃል ለማረጋገጥ ሳስል የተባለውን ላይብረሪ ይጭናል። ሳስል ደግሞ የራሱን የተጠቃሚዎች ፋይል ለማንበብ በርክሊ ዲቢን ይጠራ ይሆናል። ሰርቨሩ ከ4.3 ጋር፣ ሳስል ከ4.2 ጋር ተጠናቅረው ከሆነ በአንድ ሂደት ውስጥ ሁለት በርክሊ ዲቢ ይገባሉ። የተግባሮቻቸው ስም አንድ ነው፤ በውስጥ የሚይዙት መዋቅር ግን ይለያያል። አገናኙ ስሙን ብቻ አይቶ የአንዱን ጥሪ ለሌላው ሲሰጥ ፕሮግራሙ በማይታወቅ ቦታ ይሰበራል፤ ብዙ ጊዜም የሚሰበረው ሰው ሊገባ ሲል ስለሆነ ጥርጣሬው በይለፍ ቃሉ ላይ ያርፋል። ላይብረሪው ሲጠናቀር ለየስሪቱ የተለየ ስም እንዲሰጥ የሚያደርግ አማራጭ የተጨመረው በዚህ ምክንያት ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ በአንድ ሂደት ውስጥ የሚገቡ ሁሉ በአንድ ሌሊት አብረው ይለወጡ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ አዲስ ስሪት እንደሚመጣና እንደምንወስደው የሚገምት ነው። በ2013 ኦራክል ስሪት 6.0ን ሲያወጣ ፈቃዱን ወደ ኤጂፒኤል ሦስተኛ እትም ለወጠው። ይህ ፈቃድ የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ በአውታረ መረብ በኩል ለሚጠቀም ሰው ጭምር ማቅረብን ያስገድዳል። ላይብረሪውን የሚጠቀሙት ፕሮግራሞች ደግሞ ብዙዎችና በልዩ ልዩ ፈቃድ የወጡ ነበሩ። ዴቢያንን ጨምሮ ብዙ ስርጭቶች በ5.3 ላይ ቆሙ፤ ሬድ ሃትም በ9ኛው የድርጅት ስርጭቱ ላይብረሪውን ወደፊት ከሚወገዱት መካከል መደበው። በመሆኑም ዛሬ ለአብዛኛው የኢሜይል አስተዳዳሪ የሚቀረው ማሳደግ ከበርክሊ ዲቢ መውጣት ነው።

በመውጣቱም ላይ የርክክቡ ሕግ አልተሻረም። ሳይረስ በዊልያም ፑ የመዋቅር ሐሳብ ላይ የተመሠረተውን ስኪፕሊስትን፣ በኋላም ቱስኪፕ የተባለውን የራሱን ቅርጽ አዘጋጀ፤ በስሪት 3.0 ደግሞ የበርክሊ ዲቢን ድጋፍ አስወጣ። የቅርጽ መለወጫው መሣሪያ የበርክሊን ፋይል ማንበብ የሚችለው በቀድሞው ሳይረስ ውስጥ ሳለ ነው። አስቀድሞ ሰርቨሩን ወደ 3.0 ያሳደገ ሰው የሚለውጠውን ፋይል ማንበብ የሚችል መሣሪያ አይኖረውም። ኦፕን ኤልዳፕም የበርክሊ ክፍሎቹን በስሪት 2.5 ሲያስወግድ እንዲሁ ሆኗል፤ በአሮጌው አውጥቶ በአዲሱ ማስገባት ግድ ነው።

ከኦፕን ኤልዳፕ ዘንድ በሃዋርድ ቹ የተሠራውና አሁን ፖስትፊክስም የሚደግፈው ኤልኤምዲቢ ነገሩን ከሥሩ ይይዘዋል። የተለወጠ ገጽ በነበረበት አይጻፍም፤ አዲስ ገጽ ይጻፍና ከሁለቱ የመነሻ ገጾች አንዱ ወደ አዲሱ ዛፍ እንዲያመለክት ይደረጋል። ሎግ የለም፣ ስለዚህ ማገገሚያም የለም፤ ኃይል ቢቋረጥ ቀድሞ የነበረው ዛፍ እንዳለ ይገኛል። ነፃ ስጦታ ግን አይደለም። ፋይሉ ሊያድግ የሚችልበትን ጣሪያ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል፣ ጣሪያው ሲሞላም መጻፍ ይቆማል። በ32 ቢት ማሽን ላይ የተጻፈ ፋይልም በ64 ቢት ማሽን ላይ አይነበብም፤ ማሽኑ ሲለወጥ አሁንም አሮጌው ወደ ጽሑፍ ያወጣል፣ አዲሱ ያስገባል።

ስለ ኤልኤምዲቢ የጣሪያ አወሳሰን ወይም ስለ ሎግ ተራ ቁጥሮቹ ጥያቄ ያላችሁ ካላችሁ፣ በቀረን ጊዜ ሰሌዳው ላይ እየሣልን ልንወያይ እንችላለን።